ጥያቄና መልስ፦ የክሮስቦው ፍላጻ ክንፍ የት ይለጠፍ?

ሱሉልታ ከግቢያችን ጀርባ የታሰረ ድርቆሽ ደርድሬ፣ ሦስት ወር ሙሉ ክንፍ ስለጥፍና ስነቅል ከረምኩ። የገባኝን ያህል እመልሳለሁ። በነገራችን ላይ ክሮስቦውን፣ ማለትም እንደ ጠመንጃ በምላጭ የሚተኮሰውን ቀስት፣ ጣሊያኖች «ባሌስትራ» ይሉታል። አዎ፣ እኛ ጋራዥ የመኪናውን ሞላ የምንጠራበት ቃል ነው። ስንት ዓመት ስፈታውና ስገጥመው ኖሬ ይህን ያወቅሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ጋሼ፣ ክንፉ ከኋላው ጫፍ ስንት ሴንቲ ሜትር ይራቅ? (ከሰበታ)

እኔ 2 ተኩል ላይ ነው የረጋሁት። ቁጥሩን ከመሸምደድህ በፊት ግን ምክንያቱን ያዝ። ፍላጻ አየር ላይ የሚወላገደው ሚዛኑ ባለበት ነጥብ ዙሪያ ነው፤ ጅራቱን ወደ መስመር የሚመልሰው ክንፉ ነው። ክንፉ ከሚዛኑ በራቀ ቁጥር ጉልበት ያገኛል። የበር እጀታ ከማጠፊያው ርቆ የሚገጠመውስ ለምን ሆነና!

የእኔ ፍላጻ 50 ሴንቲ ሜትር ነው። ጣቴ ላይ ሳጋድመው ሚዛኑን የሚጠብቀው ከኋላው 32 ላይ ነው። ከ2 ተኩል የሚጀምረው ክንፍ መሀሉ 5 ላይ ስለሚውል በመካከላቸው 27 ሴንቲ ሜትር አለ። ክንፉን 4 ሴንቲ ሜትር ወደፊት ስገፋው 23 ቀረ፤ ከጉልበቱ ከመቶ 15 ያህል ተቀነሰ ማለት ነው። ድርቆሹ ላይ ወዲያው ታየ፤ ቀጥ ብሎ ይሰካ የነበረው ፍላጻ ጅራቱን ወደ ግራ ጥሎ ገባ።

ታዲያ እስከ ጫፉ ድረስ ለምን አይለጥፉትም? (ያው ከሰበታ)

ገመዱ አለ፤ ፍላጻውን ከላይ ተጭኖ የሚይዘው ስስ ብረትም አለ። ክንፉ አንዱን ከነካ ፍላጻው ገና ሳይወጣ ይጣመማል። ለማወቅ ክንፉን የጠመኔ ዱቄት ቀብተህ አንድ ጊዜ ተኩስ። ዱቄቱ የተጠረገበት ቦታ ነው የነካው።

ሦስት ክንፍ ነው አራት? (ከለገጣፎ)

ሦስት ይበቃል። ቀለሙ የተለየው ወደታች፣ ፍላጻው የሚተኛበት ቦይ ውስጥ ይገባል። የኋላው ጫፍ ጠፍጣፋ ይሁን ጨረቃ ቅርጽ፣ ቀስቱ የሚፈልገውን መመሪያው ላይ እይ፤ በዚህ ላይ ሙከራ የለም።

ቪዲዮ ላይ ያየሁትን አጭር ክንፍ ለጠፍኩ፤ ፍላጻው ጅራቱን እየቆላ ነው የሚሄደው። ምን አጠፋሁ? (ከሰንዳፋ)

ምንም አላጠፋህም። ሰውየው የተኮሰው ባሕር ጠረፍ አካባቢ ይሆናል፤ አንተ ያለኸው ደጋ ላይ ነው። አዲስ አበባ እንኳ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም ናት፤ ሱሉልታና ሰንዳፋ ከዚያም ይበልጣሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፉ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ፍጥነቱ እኩል ቢሆንም ክንፍህን የሚገፋው ኃይል በዚያው ልክ ያንሳል። ክንፉን ረዘም አድርግ፤ አለዚያም አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ሰያፍ አድርገህ ለጥፍና ፍላጻው እንዲሽከረከር አድርግ። ሰያፉ ከበዛ ግን የታችኛው ክንፍ ቦዩን ይፈገፍጋል። የፊት ጫፉን ማክበድም ይረዳል፤ ሚዛኑ ወደፊት ይሄድልሃል። ሁለት ለውጥ በአንድ ቀን አትሞክር፣ የቱ እንደሠራ አታውቅም። እኔ በዚህ ሁለት ሳምንት አቃጥያለሁ።

ፍጥነት ለማግኘት ፍላጻውን ባቀልለውስ? (ከሰንዳፋ)

ተው! መመሪያው ካስቀመጠው ዝቅተኛ ክብደት ከወረደ፣ ገመዱ ባዶውን እንደተለቀቀ ይቆጠራል። ቀስቱ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ያውም ከፊትህ አጠገብ።

የዶሮ ላባ ይሆናል? (ከቡራዩ)

ይሆናል ልጄ። ብቻ ሦስቱም ከአንድ ወገን ክንፍ የተነቀሉ ይሁኑ፤ የግራና የቀኝ ላባ ኩርባው ተቃራኒ ስለሆነ አንዱ ሲያሽከረክር ሌላው ይይዘዋል። ዝናብ ሲነካው ይተኛል፤ ለክረምት ፕላስቲኩ ይሻልሻል። የድሮ አውሮፓውያን እንጨትና ቆዳም ይለጥፉ ነበር፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ብቻ።

ሙጫውስ?

ሱፐር ግሉ። ዘንጉን መጀመሪያ በአልኮል ጥረጊው፤ የእጅ ወዝ ካለበት ይላቀቃል።

ጋሼ፣ ከጀርባ ሰው አያልፍም? (ከለገጣፎ)

ከድርቆሹ ኋላ የድንጋይ ግንብ አለ፤ ከግንቡ ወዲያ ማሳ ነው፣ የሚያልፍበት የለም። እረኞቹ ከብት ይዘው ሲመለሱ ግን ጣቴን ከምላጩ አውጥቼ እቀመጣለሁ። ግንቡ ሥር አራት የተሰባበሩ ፍላጻዎች ወድቀዋል፤ አራቱም ክንፋቸውን ወደፊት የገፋኋቸው ናቸው።