መጀመሪያ ብርሃኑን እዩ፦ ባለቀለም መስታወት ለምትወዱ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በሕንፃ ሙያ ከአርባ ዓመት በላይ ስቆይ ከድንጋይም፣ ከእንጨትም፣ ከብረትም ጋር ኖሬአለሁ፤ እንደ ባለቀለም መስታወት ግን ትዕግሥቴን የፈተነና ልቤን የገዛ ነገር አላገኘሁም። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ይህን ጥበብ በቤታችሁ ጠረጴዛ ላይ ልትሞክሩት እንደምትጓጉ ስለማውቅ፣ እጃችሁ መቁረጫውን ከመጨበጡ በፊት ዓይናችሁ ምን መልመድ እንዳለበት ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ሥዕል የሚታየው ብርሃን ከፊቱ ሲያርፍበት ነው፤ ባለቀለም መስታወት ግን ብርሃን ከጀርባው ገብቶ ካላለፈበት ቀለሙ አይገለጥም። ይህን በቃል ባውቀውም በእጄ የተማርሁት ዘግይቼ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬን የሠራሁት ማታ ማታ፣ ነጭ ወረቀት በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ፣ ከራስጌዬ በሚበራ አምፖል ነበር። ቀዩን ከሰማያዊው ጎን ሳስቀምጠው ሁለቱ እኩል የተመዘኑ መስለውኝ ነበር። ተበይዶ መስኮቱ ላይ ከተገጠመ በኋላ በማግስቱ ጠዋት ስመለከተው ግን፣ ሰማያዊው ከድንበሩ አልፎ አጠገቡ ያለውን ቀይ ወደ ወይን ጠጅ ቀይሮታል፤ ፈዘዝ ያለውን ቢጫ ደግሞ ብርሃኑ ፈጽሞ አንጥቶታል። ሦስት ወር የደከምሁበትን ሥራ ፈትቼ ግማሹን መስታወት ለወጥሁ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ቁራጭ እንኳ ቢሆን መስኮት ላይ አቁሜ፣ በጠዋት፣ በቀትርና በምሽት ሳላያት ለሥራ አልመርጣትም።

የጥንት ባለሙያዎች ይህን የሰማያዊ ጠባይ ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። በፈረንሳይ አገር በሻርትር ካቴድራል የሚገኙትን፣ አብዛኞቹ በ13ኛው መቶ ዘመን የተሠሩትን መስኮቶች በቅርበት ያየ ሰው፣ በሰማያዊው ላይ በጥቁር ቀለም የተሣሉ ረቂቅ መስመሮችን፣ በቀይና በሰማያዊ መካከልም የገቡ ቀጫጭን ነጭ ጠርዞችን ያገኛል። እነዚህ ለጌጥ ብቻ የገቡ አይደሉም፤ አንዱ ቀለም ሌላውን እንዳይውጠው የሚገድቡ ልጓሞች ናቸው። ፀሐይ ስትጠልቅ እዚያ ቆሞ ለሚጠብቅም ሌላ ነገር ይታየዋል፤ ዓይናችን በደብዛዛ ብርሃን ቀይን አስቀድሞ ስለሚያጣ ቀዮቹ ቀድመው ይጨልማሉ፣ ሰማያዊዎቹ ግን እስከ መጨረሻው ይቆያሉ።

በሙያዬ ምክንያት ይመስለኛል፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ እ.ኤ.አ. በ1248 የተባረከው፣ ሴንት ሻፔል የሚባለው የፓሪስ ቤተ ጸሎት ነው። የላይኛው ፎቅ 15 መስኮቶች ከ1,100 በላይ ትዕይንቶችን ይዘዋል። ጣሪያውን የተሸከሙት በመስኮቶቹ መካከል የቆሙ ቀጫጭን የድንጋይ ምሰሶዎች፣ ከውጭ የሚደግፉ ግንቦችና በመስታወቱ ውስጥ የሚያልፉ የብረት ማሰሪያዎች ስለሆኑ፣ ግድግዳ ሊሆን ይገባው የነበረው ስፍራ ሁሉ ለመስታወት ተለቋል። የመስታወት ውበት በግንበኛው ስሌት ላይ እንደሚቆም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ከእኛው ዘመን ደግሞ ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውና የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የመጪ ዘመን በሦስት ክፍል የሚተርከው ሥራ አለ። ዕድሉ ሲገጥማችሁ ከሥዕሉ ፊት ብቻ ቆማችሁ አትመለሱ፤ ዞር ብላችሁ ያለፈው ብርሃን የት እንደሚያርፍም እዩ።

ስለ ጥቁሩ መስመር ጥቂት ልበል። ጀማሪዎች መስታወቶቹን የሚያያይዘውን፣ እርሳስ ከተባለው ለስላሳ ብረት የሚሠራውን ዘንግ እንደ ግድ ጉድለት ቆጥረው ሊያሳንሱት ሲጣጣሩ አያለሁ። በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ካቴድራል ያሉት፣ ዕድሜያቸው ወደ 900 ዓመት የሚጠጋው የነቢያት መስኮቶች ግን እርሳሱ የልብሱን እጥፋትና የትከሻውን ቅርጽ ተከትሎ ሲሄድ ያሳያሉ። መስመሩ ራሱ ሥዕል ነው። ስለዚህ ንድፋችሁን በወረቀት ስታወጡ ከቀለሙ በፊት መስመሩን ሣሉ፤ መስመሩ ብቻውን ካላማረ ቀለም አያድነውም።

ቀለሙ ከየት እንደሚመጣ ማወቅም ለመስታወቱ ያላችሁን ክብር ይጨምራል። ኮባልት ሰማያዊ፣ ማንጋኒዝ ወይን ጠጅ፣ መዳብ እንደ አቀላለጡ አረንጓዴ ወይም ቀይ፣ ወርቅ ደግሞ ቀይ ይሰጣሉ። የመዳቡ ቀይ እጅግ ስለሚጠቁር፣ ባለሙያዎች ንጹሕ መስታወትን በስስ የቀይ ሽፋን ይለብጡት ነበር። ከ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ የብር ውሕድ በመስታወቱ ጀርባ ተቀብቶ በእቶን ሲጋል ወርቃማ ቢጫ እንደሚሆን ታወቀ፤ በዚህም የአንድን ንጉሥ ፊትና ዘውድ ያለ እርሳስ በአንድ ቁራጭ ላይ ማሳየት ተቻለ። (አሮጌ መስታወት ከታች የሚወፍረው ቀስ በቀስ ስለሚፈስ ነው የሚሏችሁን አትመኑ፤ በጥንቱ አሠራር ወጥ ውፍረት ያለው መስታወት ማውጣት ስለማይቻል ነው።)

በቤት ለመጀመር የሚመቸው፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካዊው የመስታወት ጥበበኛ በሉዊስ ቲፋኒ ሥራዎች ስሙ የገነነው፣ የእያንዳንዱን ቁራጭ ጠርዝ በስስ የመዳብ ጥቅልል ለብጦ የመበየድ ዘዴ ነው። ስትቆርጡ መቁረጫውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙትና ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሳታቋርጡ አንድ ጊዜ ብቻ ሂዱ። ጆሯችሁ ይምራችሁ፤ ትክክለኛው ጭረት ሐር ሲቀደድ የሚመስል፣ ቀጭንና ያልተቆራረጠ ድምፅ አለው። ድምፁ ከጠፋ ግፊታችሁ ላልቷል፣ ነጭ ብናኝ ከዘለለ በዝቷል። በምንም ምክንያት በጭረቱ ላይ ዳግመኛ አትመለሱ፤ መቁረጫው ይደነዝዛል፣ ስብራቱም መንገዱን ይስታል። ወደ ውስጥ የሚጎብጥ ቅርጽ በአንድ ጊዜ አይወጣምና በትንንሽ ጭረቶች እየቀነሳችሁ ድረሱበት።

ይህን ደግሞ እንደ አባት አጥብቄ እላችኋለሁ። አብዛኛው የብየዳ ሽቦ እርሳስ አለበት፤ እርሳስም መርዝ ነው። መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ፣ በሥራ ጠረጴዛችሁ ላይ ምግብ አታኑሩ፣ ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ሕፃናትን አታስጠጉ፤ ስትቆርጡም የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ።

የመጀመሪያው ሥራችሁ ከአሥር ቁራጭና ከሦስት ቀለም አይብለጥ። ንድፉን ከመጀመራችሁ በፊት የሚሰቀልበትን መስኮት ምረጡና አንድ ሙሉ ቀን ፀሐይዋ በስንት ሰዓት እንደምትገባበት፣ መሬቱ ላይ እስከ የት እንደምትደርስ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ከዚያም ያሏችሁን ቁራጮች እየያዛችሁ ወደዚያው መስኮት ሂዱ።