የጁገሉን ፎቅ ቤት ስለ ማደስ ለጠየቁን

በሐረር ጁገል፣ ማለትም በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ከፈረስ መጋላ አደባባይ አጠገብ ያለውን፣ ሥሩ ሱቅ የሆነውን የአያትዎን ባለ አንድ ፎቅ ቤት ወደ እንግዳ ማረፊያ ለመለወጥ አስበው «የትኛውን የአርክቴክቸር ድርጅት ልያዝ፣ ስንትስ ይፈጅብኛል?» ብለው ጠይቀዋል። የድርጅት ስም አልሰጥዎትም፤ ዋጋውንም ከእኔ ቤት ተነሥቼ ብነግርዎ አሳስትዎታለሁ። የእኔ ቤት መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ መደዳ ይገኛል። ከ1879 ዓ.ም. በኋላ የሕንድ ነጋዴዎች በሐረር ካስለመዷቸው፣ በረንዳቸው መንገዱን ከሚያይ ቤቶች አንዱ ነው፤ እንደ ገለጻዎ ከሆነ የእርስዎም ከዚሁ ዓይነት ነው።

አንደኛ፣ አርክቴክቱ ሥዕል ከማሳየቱ በፊት ግድግዳውን ይመርምር። እኔ የተሸነፍኩት በሥዕል ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ድርጅት መብራት የበራበት፣ መስኮቱ አሉሚኒየም የሆነ ውብ ቤት በኮምፒውተር ሲያሳየኝ ውሉን በዚያው ዕለት ፈረምኩ፤ ድንጋዩ በምን እንደተያያዘ የጠየቀ አልነበረም። የጁገል የቆዩ ግድግዳዎች በድንጋይና በጭቃ የተገነቡ ስለሆኑ ከመሬት የሳቡትንም ሆነ ከዝናብ የጠጡትን እርጥበት በጭቃውና በኖራው ልስን በኩል መልሰው ያወጡታል። የእኛ ሰዎች አሮጌውን ልስን ፍቀው በሲሚንቶ ለሰኑት። ጎረቤት አደነቀ፣ እኔም ኮራሁ። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ወጣ፤ ግድግዳውን በጣት አንጓ ሲያንኳኩት እንደ ባዶ ጀሪካን ይጮኽ ጀመር። አንድ ማለዳ የበር ያህል ስፋት ያለው ልስን በሱቁ ተከራይ የጨርቅ ጣቃዎች ላይ ተንዶ ወደቀ፤ ከኋላው የነበረው ጭቃ በእጅ የሚዛቅ ገንፎ ሆኗል። የተበላሸውን ጨርቅ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ፈቃድ። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም ቅርስ ከመጠገኑ በፊት የሚመለከተው አካል መፍቀድ አለበት። ድርጅቱ «እሱን ለእኛ ይተዉት» ብሎኝ ተራ የእድሳት ፈቃድ ብቻ ይዞ ሥራ ስለጀመረ፣ ልስኑ አልቆ መስኮቱ ሲገባ የእግድ ደብዳቤ መጣ። ጉዳዩን ለማስረዳት የሄድኩበት ቢሮ ባለሙያ፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን ሰው፣ «አንተ፣ ነገ ተመለስ» እያለ አምስት ወር አመላለሰኝ፤ ማመልከቻዬን የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አድርጎት ክብ ምልክቱ እስከ ዛሬ ወረቀቱ ላይ አለ። የሚቆጨኝ ግን ደብዳቤው ትክክል መሆኑ ነው። አሉሚኒየሙን ብቻ ሳይሆን ሲሚንቶውንም ይጠቅስ ነበር፤ እኔ በሰውየው ንዴት ታውሬ መስኮቱን አስነሥቼ ልስኑን በእልህ ተውኩት፣ ስለ ሰውየውም ለአለቃው አቤቱታ ጻፍኩ። ያኔ ልስኑን አስነሥቼው ቢሆን ኖሮ ግድግዳው ባልበሰበሰ ነበር።

ሦስተኛው ስለ ባለሙያ ምርጫ ሊሆን ነበር፤ ግን ያው ታሪኬ ነው። ልስኑ ከወደቀ በኋላ ያገኘኋት ወጣት አርክቴክት ሥዕል ይዛ አልመጣችም፤ ተንበርክካ ከግድግዳው ግርጌ መዳፍ የሚያስገባ ቀዳዳ ከፈተችና አንድ አረጋዊ ግንበኛ ጠራች። እሳቸውም ጭቃውን በጣታቸው እያሹ «ልጄ፣ ጭቃ የጠጣውን ውሃ ፀሐይ ሲወጣ ይመልሳል፤ እናንተ ላስቲክ አልብሳችሁታል» አሉኝ። ሲሚንቶውን ማንሣት ከመለሰኑ የበለጠ አስወጣኝ፤ መኪና በጠባቡ መንገዳችን ስለማይገባ ፍርስራሹም ኖራውም በአህያ ተጓጓዘ፣ ይህ ወጪ ደግሞ በየትኛውም ዋጋ ማቅረቢያ ላይ አልነበረም። ግድግዳው እስኪደርቅ አንድ በጋ ጠብቀን በጭቃና በኖራ አስለሰንነው። የበረንዳው ወራጆች ሁሉ ይቀየሩ ተብሎ የነበረ ቢሆንም አናጢው የበሰበሱትን ጫፎች ብቻ ቆርጦ አዲስ እንጨት ቀጠለባቸው፤ እናቴ ልብስ ታሰጣበት የነበረው መደገፊያ ዛሬም በቦታው አለ፣ የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ፎቶ ያነሣዋል።

እርስዎ ማንንም ከማነጋገርዎ በፊት ግድግዳውን ጉልበት አካባቢ ያንኳኩት። ከዚህ ቀደም ሲሚንቶ ተለስኖ ከሆነ የማንሻውን፣ የማድረቂያውን ጊዜና የአህያውን ወጪ ለየብቻ በውሉ ላይ ያስጽፉ፤ የቅርስ ፈቃዱ ቅጂ እጅዎ ሳይገባም ቅድመ ክፍያ አይክፈሉ። የአረጋዊውን ግንበኛ አድራሻ ከፈለጉ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ፤ ከአርክቴክቷ ጋርም አገናኝዎታለሁ።