«ማን አስተማረዎት?»

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ ሻይ ቤት ደጅ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ነበር። አብሮኝ ያለው ልጅ የትራንዚት ቢሮ ጀማሪ ነው። እኔም ጡረታ እስክወጣ የኖርኩት በዚሁ ሥራ ነው። አልፎ አልፎ ወረቀት ይዞ ይመጣና «ጋሼ፣ ይቺን ይዩልኝ» ይለኛል። እኔም መነጽሬን ፍለጋ ኪሴን እዳብሳለሁ።

የዚያን ዕለት ያመጣው ቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ የመርከብ ጭነት ሰነድ ነበር። «ሰይድ ቱ ኮንቴይን» የሚለውን «ይዟል» ብሎ ተርጉሞታል። አይደለም አልኩት። «ይዟል ተብሏል» ነው። የመርከቡ ድርጅት ሣጥኑን ከፍቶ አላየም። ላኪው የነገረውን ነው የጻፈው። ነገ ሣጥኑ ውስጥ ድንጋይ ቢገኝ «ተብሎ ነው እንጂ እኔ አይቻለሁ አልኩ?» ሊል ነው። በ«ይዟል» እና በ«ይዟል ተብሏል» መካከል የሰው ንብረት አለ።

ልጁ ወረቀቱን አጠፈና፣ «ጋሼ፣ እርስዎን ግን እንግሊዝኛ ማን አስተማረዎት?» አለኝ።

«ማንም። ልብ ወለድ እያነበብኩ ራሴን አስተማርኩ» አልኩት።

ይህን መልስ ዕድሜዬን ሙሉ ስመልሰው ኖሬያለሁ። ለቀጣሪም፣ ለባለቤቴም፣ ለልጆቼም። የዚያን ምሽት ግን ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መልሱ ግማሹ ውሸት ነው። እውነተኛውን ለእሱም፣ እሱን ለመሳሰላችሁም ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ድሬ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት። ሐዲዱ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917። አባቴ ወርክሾፑ ውስጥ ብረት ይሠራል። አማርኛ በጭንቅ ያነባል። ፈረንሳይኛ በጆሮው ለቅሟል፣ አለቆቹ ሲቆጡ የሚሉትን በተለይ። እንግሊዝኛ ግን ምንም። ቁጥር ላይ ማንም አይደርስበትም። የዚያ ዘመን ሐዲድ ስፋቱ ልክ አንድ ሜትር ነበር። አባቴ ቆም ብሎ በዓይኑ አይቶ «ይቺጋ ሰፍታለች» ይላል፤ ሲለካ ሰፍታ ትገኛለች። የአሁኑ ሐዲድ 1,435 ሚሊሜትር ነው። ቢያየው ምን ይል ነበር እያልኩ አስባለሁ።

በ1964 ዓ.ም. አስረኛ ክፍል ነበርኩ። ፒስ ኮር ከሚባለው የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ድርጅት የመጣ አስተማሪ ነበረን። አንድ ቀን ሽፋኑ የወለቀ መጽሐፍ ሰጠኝ። የቻርለስ ዲክንስ «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ»። መጀመሪያ የወጣው በየሳምንቱ እየተቆረሰ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1860 እስከ ነሐሴ 1861። እኛ ዘንድ አፄ ቴዎድሮስ በዙፋን ላይ ነበሩ። እንግሊዝኛውም የዚያ ዘመን ነው። እና እባካችሁ፣ ከውስጡ ቃል መዛችሁ የሥራ ማመልከቻ ላይ እንዳትሰኩ። አንድ የማውቀው ልጅ አድርጎት ቀጣሪው ሳቀበት።

ሙቀቱ ሲበርድ አባቴ ግቢውን ውሃ ረጭቶ፣ ሽርጡን አገልድሞ ምንጣፍ ላይ ጋደም ይላል። እኔ በረንዳው አምፖል ሥር አነባለሁ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ታሪክ ነው።»

«ምን ይባላል?»

መዝገበ ቃላት ገለጥኩና «ታላላቅ ጥበቃዎች» አልኩት።

«ስለ ዘበኞች ነው?»

ቃሉ በዚያ ዘመን አንድ ሰው ሊወርስ የሚጠብቀውን ሀብት ማለት እንደነበር የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። አባቴ ግን ስለ ዘበኞች ይሁን ስለ ሌላ ግድ አልሰጠውም። «ንገረኛ!» አለ። በዚያው ተጀመረ።

ታሪኩ የሚጀምረው መቃብር ቦታ ነው። ፒፕ የሚባል ወላጅ አልባ ሕፃን አለ። እግር ብረት ያለበት ያመለጠ እስረኛ ድንገት ብድግ ብሎ ይይዘዋል። ገለባብጦ ኪሱን ያራግፍና «ፋይል አምጣልኝ» ይለዋል። እኔም እንደዚሁ ነገርኩት፤ ፋይል አምጣልኝ አለው።

«የምን ፋይል?»

«የወረቀት ነዋ። ዶሴ።»

አባቴ ዝም አለ። ቀጥሎ፣ «እግሩ ላይ ምን አለ ነው ያልከው?»

«ብረት።»

«እግር ብረት ያለበት ሰው ዶሴ ምን ያደርግለታል? ሞረድ ነው የፈለገው!»

ብድግ ብሎ ገባና ከዕቃ ሳጥኑ ሞረድ አምጥቶ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠልኝ። መዝገበ ቃላቱን ብገልጥ እውነትም አለ፤ ቃሉ አንድ ነው፣ ትርጉሙ ሁለት። አንድም የእንግሊዝኛ ቃል የማያውቅ ሰው እንግሊዝኛ አረመኝ።

እስረኛው ከሞረዱ ጋር «ዊትልስ» አምጣ ይላል። ይሄ ደግሞ መዝገበ ቃላት ውስጥ ጭራሽ የለም። ሦስት ቀን ፈለግኩት። አባቴ «የራበው መሰለኝ፤ ምግብ ይሆናላ» አለ። ምግብ ነው። አስተማሪያችን እንዳስረዳን ትክክለኛው አጠራር «ቪትልስ» ሲሆን እስረኛው «ቪ»ን ወደ «ዊ» የሚለውጥ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ የማላውቀው ቃል ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህ ሰውዬ አሁን ምን ቸግሮት ነው እያልኩ ነው። መዝገበ ቃላት በየመስመሩ አትግለጡ የምለውም ለዚህ ነው። የእኔ መዝገበ ቃላት፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከመገለጥ ብዛት ጠርዙ ተበልቶ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ከሌላው ዕቃ ጋር ሄደ። ያ ጎርፍ የሰው ሕይወት የበላ ነውና መጽሐፍ ጠፋብኝ ማለት ነውር ነው። ልብ ወለዱ የተረፈው አንዱ ጓደኛዬ ተውሶት ሳይመልስ በመቆየቱ ነው። አልፎ አልፎ መጽሐፍ የማይመልስ ሰውም ይጠቅማል።

ሰዋስውም የገባኝ በዚሁ ምንጣፍ ላይ ነው። ክፍል ውስጥ «ሃድ» ያለበትን ግስ እንደ ዳዊት እንደግማለን። ምን እንደሆነ ግን አይገባንም። አባቴ ደግሞ ቅደም ተከተል ከተዛባበት አይለቅም። «ቆይ፣ መጀመሪያ የሆነው የቱ ነው? ሲደርስ ሄዳለች ወይስ ሲደርስ ሄደች?» ይለኛል። ያኔ ተመልሼ አያለሁ። «ሃድ» ካለ ሲደርስ ቀድማ ሄዳ ነበር። ከሌለ፣ እሱ ሲደርስ ሄደች። የእኛው «ሄዳ ነበር» እኮ ነው! ተራኪው አድጎ ልጅነቱን የሚያወራ ስለሆነ መጽሐፉ በእንዲህ ያለ ነገር የተሞላ ነው። «ኤ» እና «ዘ»ም እንደዚሁ። እስረኛው ብቅ ሲል «ኤ» ነው፣ አንድ የሚያስፈራ ሰው። ወዲያው «ዘ» ይሆናል፣ ሰውዬው። ተረት ስንነግር «አንድ ሰው ነበር፤ ሰውዬውም…» አይደል የምንለው? ይህን የሚነግረኝ አስተማሪ አጥቼ ስንት ዓመት በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዤያለሁ።

አባቴ ከሁሉም የወደደው ጆ የሚባለውን ነው። ጆ የፒፕ እህት ባል ነው፣ ቀጥቃጭ። ከፊደል የሚለየው የራሱን ስም ሁለት ሆሄያት ብቻ ነው። እዚህ ስንደርስ አባቴ እስኪያስለው ሳቀ። «እኔ እበልጠዋለሁ!» አለ። ከዚያ በኋላ ጆ ስሙ ተቀየረ። ማታ ማታ ገና እጁን ሳይታጠብ «ወዳጄስ? ዛሬ ምን አለ?» ይለኛል።

በጆ ምክንያት አንዴ ተዋርጃለሁ። ድርሰት ላይ «አደገ» ለማለት «ግሩ» ማለት ሲገባኝ «ግሮውድ» ብዬ ጻፍኩ። ከመጽሐፉ የወሰድኩት ነው፣ ጆ እንደዚያ ይናገራል። አስተማሪው እየሳቀ አስረዳኝ፤ ጆ ያልተማረ ሰው ስለሆነ ደራሲው ሆን ብሎ እንደ አነጋገሩ ጻፈው። ልብ ወለድ ስታነቡ አፉን የከፈተው ማን እንደሆነ ካላያችሁ እንዲህ ትሆናላችሁ። ቤት ገብቼ ለአባቴ በንዴት ነገርኩት፤ የወዳጅህ እንግሊዝኛ ስህተት ነው! አልኩት።

«ታዲያ ደራሲው ለምን አላረመውም?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም።

አሁን ላሳጥረው ብችል ደስ ባለኝ። ለአስተማሪው የሞረዱን ታሪክ «አንድ የማውቀው ሰውዬ» ብዬ ነግሬው ነበር። አባቴ ነው አላልኩም። በጣም ወደደው። «ይህን ሰው አስተዋውቀኝ፣ ቤቱ እንሂድ» አለኝ። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን ከከዚራ ልጆች ጋር ነበር ውሎዬ፤ አባቶቻቸው ክራቫት ያስሩ ከነበሩት። ምንጣፉ ታየኝ። ሽርጡ ታየኝ። ጥፍሩ ሥር የማይለቀው ግራሶ ታየኝ። «ከከተማ ወጥቷል» አልኩት። አባቴ በዚያ ሰዓት ከለገሃር አጥር ወዲያ፣ አምስት ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ብረት ይቀጠቅጥ ነበር።

በዚያው ሳምንት ምዕራፍ 27 ደረስን። ፒፕ ለንደን ገብቶ ጨዋ ሆኗል። አባቴ ከቀናት በፊት ጀምሮ «ጆ ሳይጠይቀው ይቀራል?» እያለ ይጨቀጭቀኛል። ቀድሜ አንብቤዋለሁ። ጆ ይመጣል። ባርኔጣውን የሚያደርግበት ይጠፋዋል፣ ባስቀመጠው ቁጥር ይወድቅበታል። ያሳደገውን ልጅ «ሰር» ይለዋል። ፒፕ ደግሞ ያፍርበታል፣ ገንዘብ ከፍሎ ቢያስቀረው ደስ ይለው እንደነበር በራሱ አፍ ይናገራል።

ማታ አባቴ ተመቻችቶ ጋደም አለ። «እህስ፣ ወዳጄ መጣ?»

«እዚህጋ ገጹ ተቀዷል» አልኩት።

እጁን ዘረጋ። ሰጠሁት። ፊደሉን አያነብም። ግን ገጾቹን አንድ በአንድ፣ ታችኛውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ እየያዘ ገለጠ። ቁጥሩን ነበር የሚያየው። ጥቂት ወደ ኋላ፣ ብዙ ወደ ፊት። ከዚያ መለሰልኝ።

«ሙሉ ነው» አለ።

ሌላ ቃል አልጨመረም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ተኛ። ከዚያች ማታ በኋላ «ወዳጄስ?» ብሎኝ አያውቅም። እኔም መጽሐፉን ብቻዬን ጨረስኩት። «ራሴን አስተማርኩ» የምለው እንግዲህ ከምዕራፍ 27 ወዲህ ያለውን መሆን አለበት።

ጊዜ ነበረኝ። ማትሪክ ተፈተንኩ፣ አብዮቱ መጣ፣ ዘመቻ ሄድኩ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬ ደጃፍ ሲደርስ አዲስ አበባ ነበርኩ። ወሬ እስኪመጣ ድረስ ለራሴ፣ በሕይወት ካገኘሁት ያንን ምዕራፍ አነብለታለሁ አልኩ። በሕይወት አገኘሁት። ከዚያ በኋላም ስንት ዓመት አብረን ኖርን፤ ሁልቡት መረቁን እየጠጣን ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጡረታው፣ ስለ ኑሮ ውድነት አወራን። አላነበብኩለትም።

የዛሬ ወጣቶች ትገርሙኛላችሁ። ስልካችሁ ላይ ሺህ ቃል አለ፤ ትሸመድዱታላችሁ፣ ከሰዓት ምርቃናው ሲነሳ ደግሞ ሁላችሁም እንግሊዝ ናችሁ። ማታ ሲወርድ ቃሉም አብሮ ይወርዳል። መጽሐፍ ስላችሁ «አቦ ጋሼ፣ ረዘመ!» ትሉኛላችሁ። 59 ምዕራፍ ነው፣ በቀን አንድ ብትሉ ሁለት ወር። ተቀንሶና ቀሎ የተጻፈውን አትንኩ፤ ሞረዱም «ግሮውድ»ም እዚያ ውስጥ ላይኖሩ ይችላሉ። ግን ምንም ከማታነቡ እሱንም አንብቡ፣ ምን ላድርጋችሁ። ብቻ አንድ ሰው አስቀምጡና ንገሩት። እናት፣ አያት፣ የጎረቤት ሽማግሌ። እንግሊዝኛ ባይችል ይሻላል፤ የሚችል ሰው ያልገባችሁን ነገር ዘላችሁ ስታልፉ አብሯችሁ ይዘላል።

ለዚያ ለቢሮው ልጅ፦ መጽሐፉ እኔ ዘንድ ነው። ሽፋን የለውም፣ ገጹ ግን ሙሉ ነው። እንዳትሸሸገው ብዬ አውስሃለሁ፣ ግን በአንድ ነገር። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት መጥተህ ምዕራፍ 27ን ትሰማኛለህ። ለሰው ጮክ ብዬ አንብቤው አላውቅም።