የአድሚን ኢሜይል ብቻ ስልክ ላይ እምቢ ላለህ

ወንድሜ፣ «የሠራተኛው ሁሉ ኢሜይል ስልክ ላይ ይገባል፤ የእኔ የአድሚኑ ብቻ አልገባ አለ፣ በብራውዘር ግን ይከፍታል» ያልከውን አይቼ ነው። ድርጅታችሁ የራሱ ኤክስቼንጅ (የማይክሮሶፍት የኢሜይል) ሰርቨር አለው ብዬ ልነሳ፤ የእኛም እንደዚያው ነበር። ስልክህን ፎርማት አድርግ የሚሉህን አትስማ፣ ስልኩ ምንም አላጠፋም።

1. ሰርቨሩ ላይ ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ማሳያ) ክፈትና አፕሊኬሽን ሎግ ውስጥ ከአክቲቭሲንክ፣ ማለትም ኢሜይሉን ከስልክ ጋር ከሚያገናኘው የኤክስቼንጅ ክፍል፣ የመጣ 1053 ቁጥር ያለው ስህተት ፈልግ። አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የድርጅቱ አካውንቶችና ፈቃዶች የተመዘገቡበት) ውስጥ በአካውንትህ ሥር ስልኩ የሚመዘገብበትን ኮንቴይነር ለመፍጠር ፈቃድ የለኝም ይላል። እሱን ካገኘህ ሰርተፊኬቱም ፋየርዎሉም ከደሙ ንጹሕ ናቸው።

2. አክቲቭ ዳይሬክተሪ ዩዘርስ ኤንድ ኮምፒውተርስ ላይ ቪው ውስጥ አድቫንስድ ፊቸርስን አብራ፤ አለዚያ ሴኩሪቲ የሚለው ታብ አይታይህም። አካውንትህን ክፈት፣ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ አድቫንስድ። ኢንሄሪታንሱ (አካውንቱ ፈቃድን ከበላዩ የሚወርስበት ምርጫ) ጠፍቶ ታገኘዋለህ። አብራውና ወዲያው፣ እዚያው እንደተቀመጥክ፣ ስልክህን ሞክር።

«ወዲያው» ያልኩት በምክንያት ነው። ሰርቨራችንን በኮንትራት የሚይዝ ድርጅት ነበረን። የላኩት ልጅ መጥቶ ያቺን ሳጥን ምልክት አደረገባት፣ «አለቀ» ብሎ አስፈርሞ ሄደ። ስልኩን የሞከርነው ከምሳ በኋላ ነው፤ ያው እምቢ። ስንደውል «እናንተ ነክታችሁት ነው» ተባልን። እኛ! ቀጥሎ የመጣው ባለሙያ ደግሞ የአክቲቭሲንክን ቨርቹዋል ዳይሬክተሪ (ስልኮች ወደ ሰርቨሩ የሚገቡበትን በር) አፍርሶ እንደ አዲስ ሠራና ደህና ሲሠራ የነበረው የሠራተኛ ስልክ ሁሉ ቆመ። ሰው ስልኩን ይዞ በሬ ላይ ተሰለፈ። ሂሳቡን ግን ለሁለቱም ምልልስ ሳያፍሩ ጠየቁን።

የነካው ሰው አልነበረም። እንደ ዶሜይን አድሚንስ (የኔትወርኩ ዋና አስተዳዳሪዎች) ያለ ግሩፕ ውስጥ ያለን አካውንት ሲስተሙ ራሱ ይጠብቀዋል። ኤስዲፕሮፕ የሚባል ሂደት በየ60 ደቂቃው ፒዲሲ ኢሙሌተር በሚባለው የአክቲቭ ዳይሬክተሪ ሰርቨር ላይ ይነሳና የአካውንቱን ፈቃድ አድሚንኤስዲሆልደር ከሚባለው የፈቃድ ናሙና ጋር ያመሳክራል፤ ተለይቶ ካገኘው ይመልሰዋል፣ ኢንሄሪታንሱንም ያጠፋል። ኤክስቼንጅ ስልክህን የሚመዘግብበት ፈቃድ የሚወርደው ደግሞ በዚያው በኢንሄሪታንስ ነው። ብራውዘር ምዝገባው ስለማያስፈልገው ዝም ብሎ ይከፍታል። ይህን ማታ ማታ እያነበብኩ የደረስኩበት እኔ ነኝ፤ ተከፋዮቹ አያውቁትም ነበር።

3. በዚያች ሰዓት ውስጥ ስልኩ ከተመዘገበ ኢንሄሪታንሱ ተመልሶ ቢጠፋም ብዙውን ጊዜ ይቀጥላል። ስልክ ስትቀይር ግን ያው ጣጣ ነው።

4. ከግሩፑ ወጥቻለሁ ብለህ አትዘናጋ። አድሚንካውንት (adminCount) የሚለው የአካውንቱ አትሪቢዩት (የመረጃ መስክ) 1 እንዳለ ይቀራል፣ ኢንሄሪታንሱም በራሱ አይመለስም። አትሪቢዩት ኤዲተር ገብተህ አጥፋው፣ ኢንሄሪታንሱን በእጅህ አብራ። ግሩፕ በግሩፕ ውስጥ የገባም ይቆጠራል፤ እኛ ጋ አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ «ፕሪንተር እንድትጭን» ተብላ ከሚጠበቁት ግሩፖች አንዱ በሆነው ፕሪንት ኦፐሬተርስ ውስጥ ተጨምራ ስልኳ እንደ አድሚን ስልክ እምቢ ብሏት ነበር።

አድሚንኤስዲሆልደሩ ላይ ራሱ ኢንሄሪታንስ አብራ የሚልህ ካለ እሺ አትበለው። ያኔ በኦዩ (አካውንቶች በሚቀመጡበት የአክቲቭ ዳይሬክተሪ ክፍል) ላይ ፓስወርድ የመቀየር ፈቃድ የተሰጠው የሄልፕዴስክ ልጅ ሁሉ የዶሜይን አድሚኑንም ፓስወርድ መቀየር ይችላል። ለአንድ ስልክ!

ትክክለኛው መንገድ አካውንቱን ለሁለት መክፈል ነው። አሁን ሜይልቦክስ ያለውን ከአድሚን ግሩፖች አውጣና በቁጥር 4 አጽዳው፤ ለአድሚን ሥራ ሜይልቦክስ የሌለው አዲስ ክፈት። አለቃዬ «ሁለት ፓስወርድ ማን ያስታውሳል» ብሎ አጉረምርሞ ነበር፣ አሁን ስሙንም አያነሳም። ከማውጣትህ በፊት ግን በዚያ አካውንት የሚነሱ ሰርቪሶችና የባክአፕ ሥራዎች ካሉ ቀድመህ አዛውራቸው፤ ሌሊት ባክአፑ ቢቆም መልሰህ የኮንትራት ሰዎችን ልትለማመጥ ነው።