ወጣቶቹን ለጉባኤ ወደ ባሕር ዳር ስታመጡ

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። እኅታችን ከደብረ ታቦር የሰንበት ትምህርት ቤታቸውን ወጣቶች ባሕር ዳር ለሚደረግ የሦስት ቀን ጉባኤ ልታመጣ ነው። ስንት ታላላቅ አብረው ይምጡ፣ ስልክ እንሰብስብ ወይ፣ ገዳማቱን በጀልባ እናሳያቸው ወይ፣ ትንንሾቹንስ እንጨምር ወይ ብላ ጠይቃለች። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ሰንበት ትምህርት ቤት ነው የማገለግለው። ልጆች ይዤ ወጥቻለሁ፣ እንግዶችንም ተቀብያለሁ። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ከሁሉ በፊት ምድብ አውጡ። ኮሚቴ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ መኪና ነው። ከዚያ ስለ ምግብ፣ ከዚያ ስለ ቲሸርት። ማን ከማን ጋር ይሁን የሚለው ትዝ የሚለው መኪናው ከተነሣ በኋላ ነው። እባካችሁ ከእሱ ጀምሩ። ለሰባት ወይም ለስምንት ልጅ አንድ ታላቅ ይበቃል፤ ለሴቶቹ ሴት፣ ለወንዶቹ ወንድ። ታላቁ ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ልጆቹን ይወቃቸው። መኪና የማይስማማው ማን ነው? መድኃኒት የሚወስድ አለ? ቤቱ ኀዘን የገባበትስ? ይህ ሰው የግድ መምህር መሆን የለበትም። እንዲያውም ንግግር የሚወድ ሰው ለዚህ አይሆንም። ዝም ብሎ መስማት የሚችል ፈልጉ።

ለምን ይህን ያህል እንደማጠብቀው ልንገራችሁ። ጉባኤ ላይ ልጅ በአንድ ቀን ሦስት አራት ትምህርት ይሰማል። መዝሙር አለ፣ ጥያቄና መልስ አለ። ማታ ሲሆን ሁሉም ነገር ይደበላለቅበታል። ስለዚህ ከእራት በኋላ እያንዳንዱ ምድብ ለብቻው ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ። "ዛሬ ከሰማኸው ምን አልገባህም? ምንስ ከበደህ?" ብሎ መጠየቅ ይበቃል። አንድ ጊዜ ከእንግዶቹ መካከል ቀኑን ሙሉ የሹራቡን ኮፍያ ደፍቶ ጥግ የተቀመጠ ልጅ ነበር። የተኛ ነበር የመሰለን። ማታ ምድቡ ሲቀመጥ ቀስ ብሎ፣ "መምህሩ የንስሐ አባት ያዙ አሉን። የእኛ ሰፈር ቄስ የአባቴ ጓደኛ ናቸው። እንዴት ብዬ ነው የምነግራቸው?" አለ። ታላቁ ስብከት አልጀመረም። "ሌላ አባት መያዝ እንደምትችል ታውቃለህ?" ብቻ አለው። አያውቅም ነበር። በነጋታው በሻይ ሰዓት ልጁ ከአዳራሹ ኋላ ከአንድ አባት ጋር ቆሞ ሲያወራ አየሁት። ይህ ጥያቄ ያ ሁሉ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ በወረቀት ተጽፎ እንኳ አይወጣም። ፕሮግራሙ ተጨናንቆ ጊዜ ካጣችሁ ሌላ ነገር ሰርዙ፣ ይህችን ግማሽ ሰዓት ግን አትንኳት።

ስልክ አትሰብስቡ። ወላጅ ይደውላል፣ ልጅም ያለ ስልኩ ከተማ ውስጥ ቢጠፋ ጭንቅ ነው። በትምህርትና በጸሎት ሰዓት ካጠፉት በቂ ነው። ለወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱና አንድ ሰው ብቻ ማታ ማታ "በልተናል፣ ሁሉም ደኅና ናቸው" ብሎ ይጻፍ። ኔትወርክ ሊጠፋ እንደሚችልም አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ አለዚያ አንዲት እናት ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስዳትም።

ገንዘብ ላይ የምለው አጭር ነው። የመክፈል አቅም የሌለው ልጅ መኖሩ አይቀርም። መዋጮውን አንድ ሰው ብቻ ይሰብስብ፣ የጎደለውንም ከበጎ አድራጊ ፈልጎ በዝምታ ይሙላ። "እገሌ በነጻ ነው የሚሄደው" የሚል ወሬ መኪናው ውስጥ እንዳይሰማ። እንዲህ ያለ ወሬ የሰማ ልጅ ከዚያ በኋላ ጉዞ ሲባል ሰበብ ፈልጎ ይቀራል።

ከደብረ ታቦር በወረታ ሲመጣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጠዋት ውጡ፣ ሳይመሽ ግቡ። የመንገዱን ሁኔታ ማታ ብትጠይቁም ጠዋት ከመነሣታችሁ በፊት ደግማችሁ ደውሉ። ካላማራችሁ ቅሩ፤ ጉባኤ ሌላ ጊዜም አለ። ማኅተም ያረፈበት የአጥቢያችሁን ደብዳቤ፣ ከወላጅ ፊርማና ስልክ ቁጥር ጋር የልጆቹን ስም ዝርዝር ያዙ። ዝርዝሩ በእያንዳንዱ ታላቅ እጅ ይኑር።

የደብረ ታቦርን ብርድ ለለመደ ልጅ ባሕር ዳር ይሞቃል። ቀለል ያለ ልብስ ያምጡ። ወባ ያለበት አገር ስለሆነ የምታድሩበት ቦታ አጎበር እንዳለው ቀድማችሁ ጠይቁ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት የያዘው ልጅ ካለ ጤና ጣቢያ ሄዶ ባሕር ዳር ሰንብቶ እንደመጣ ይናገር።

አሁን ወደ ጀልባው። አዎ፣ ውሰዷቸው፤ ግን ጠዋት። ጣና ጠዋት ይረጋል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ ያስቸግራል። ላይፍ ጃኬቱን ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ቁጠሩ። ለአንድም ልጅ ከጎደለ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። ብዙ ሰው ቅርብ ነው ብሎ ክብራን ገብርኤልን ይመርጣል። እዚያ ሴት አይገባም፤ ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚያው ነው። ወንዶቹ ገብተው ተሳልመው እስኪወጡ ሴቶቹ ጀልባ ላይ ይጠብቃሉ። የገዳሙ ሥርዓት ሥርዓት ነው፣ ይከበራል። ግን አንድ ላይ የመጣ ልጅ አንድ ላይ የሚገባበት ቦታ እያለ ምን አስቸገረን? ዘጌ ሂዱ። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ወርዳችሁ በቡናው ጫካ ውስጥ ለውስጥ በእግር ትወጣላችሁ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስትደርሱ የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል የተሞላ ነው። ሁሉንም ለማየት አትሩጡ። አባቶችን አስፈቅዱና ሁለት ሦስት ሥዕል ላይ ቆማችሁ ታሪኩን ያስረዷችሁ።

በወር አበባ ምክንያት ወደ ውስጥ የማይገቡ እኅቶች ይኖራሉ። አንድ ታላቅ እኅት ሳትጠየቅ ከእነሱ ጋር ውጪ ትቅር። ለምን ቀራችሁ ብሎ የሚጠይቅ ወንድ እንዳይኖርም የወንዶቹ ታላላቆች ቀድመው ይንገሯቸው። ሌላው፣ ሐይቁ ውስጥ ማንም አይዋኝ። ቢልሃርዚያ አለ፣ ዓባይ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ አለ።

ትንንሾቹን፣ ማለትም ከ13 ዓመት በታች ያሉትን፣ ለዚህ ጉባኤ ባታመጧቸው እመርጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ መቀመጥ ይከብዳቸዋል፣ ታላላቆቹም እነሱን ሲጠብቁ ትምህርቱ ያመልጣቸዋል። ለእነሱ ዘጌን ብቻ በሌላ ጊዜ አዘጋጁላቸው።

ለሚቀሩት ግን አንድ ነገር አድርጉ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባለው የመጀመሪያ እሑድ እያንዳንዱ ምድብ አንድ ትምህርት መርጦ ለቀሩት ያካፍል። የሚያቀርበውን ልጅ ገና ሳትነሡ ምረጡት፤ ያኔ ደብተርና እስክሪፕቶ ይዞ ይመጣል። የምትመጡበት ቀን ሲቆረጥ እዚሁ ጻፉልን፣ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ የሚቀበላችሁ ሰው እናዘጋጃለን።