ሲሞቅ የሚጠፋው የ1966 ሙስታንግ

ከሜሪላንድ የጻፉልን አንባቢ የ1966 ፎርድ ሙስታንግ አላቸው። ሞተሩ 289 ኪዩቢክ ኢንች ቪ8፣ ካርቡሬተሩ ባለ ሁለት ጉሮሮ ነው። ጠዋት ያለ ችግር ይነሳል። 20 ደቂቃ ያህል ከተነዳ በኋላ የትራፊክ መብራት ላይ ሲቆም ይንተፋተፍና ይጠፋል፤ ግማሽ ሰዓት ካልቀዘቀዘ አይነሳም። ቤንዚኑ በሙቀት እየተነነ ነው ተብለው ቧንቧውን በፎይል ጠቅልለዋል፣ ፓምፑንም ቀይረዋል። በደብዳቤያቸው መጨረሻ ላይ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ያስገባው ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን ተበላሽቶ አንድ ጋራዥ የድሮውን ኮንታክት ፖይንት፣ ማለትም ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ሆኖ ከረንቱን እየከፈተ የሚዘጋውን፣ እንደመለሰ ጠቅሰዋል።

እኔን ያስጠረጠረኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። ኤሌክትሮኒኩ ሲገባ ሙሉ 12 ቮልት እንዲያገኝ ብዙ ጊዜ ቀጥታ ሽቦ ይሳብለታል። ፖይንቱ ሲመለስ ያ ሽቦ እዚያው ቀርቷል፤ ኮይሉ፣ ማለትም ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨው ቦቢና፣ ከአቅሙ በላይ እየጋለ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎርድ በዚህ መኪና ላይ ወደ ኮይሉ የሚሄደውን ከረንት ሆን ብሎ ይቀንሰዋል። ዳሽቦርዱ ስር ከቁልፉ ሶኬት የሚነሳ ሮዝ ሽቦ አለ፤ ሽቦው ራሱ ሬዚስተር (ከረንት የሚገታ) ነው፣ ከ1.3 እስከ 1.4 ኦም። የኮይሉ የመጀመሪያ ጥቅልልም 1.4 ኦም ገደማ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ቮልቴጁ 14 ይደርሳል፤ 14 ለሁለቱ ድምር፣ ለ2.8 ኦም፣ ሲካፈል 5 አምፔር ነው። ሮዙ ሽቦ ከታለፈ 14 ለ1.4 ይሆንና 10 አምፔር ያልፋል። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱም እጥፍ ብቻ የሚሆን የሚመስለው ብዙ ነው፤ ሙቀት ግን የሚያድገው በአምፔሩ ካሬ ነው። 5 በ5 በ1.4፣ 35 ዋት። 10 በ10 በ1.4፣ 140 ዋት፤ አራት እጥፍ! ፖይንቱ ደግሞ የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ በሚዞረው በእያንዳንዱ 45 ዲግሪ ውስጥ 28 ያህሉን ዝግ ሆኖ ያሳልፋል፣ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ከረንቱ ጣሪያው ላይ ሳይደርስ ፖይንቱ ይከፈታል፤ በሚኒሞ ሲዞር ግን ሙሉውን ይወስዳል። መብራት ላይ ቆሞ የሚጠፋውም ለዚህ ነው። የጋለው ጥቅልል ውስጥ መከለያው ይዳከማል፣ ካንዴላው እሳት ያጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል።

ፍተሻው የሚደረገው እንደጠፋ፣ ሳይቀዘቅዝ ነው። ከሁሉ በፊት ግን በካርቡሬተሩ አፍ ቤንዚን አያፍስሱ። ሞተሩ በጉሮሮው ወደ ላይ ከተኮሰ በእጅዎ የያዙትን ዕቃ ያቀጣጥለዋል። ለቤንዚን የሚሆን እሳት ማጥፊያም እጅዎ በሚደርስበት ያስቀምጡ።

ቁልፉን አጥፍተው የአየር ፊልትሮውን ያንሱ፤ የነዳጅ መስጫውን ዘንግ በእጅ እየገፉ ወደ ጉሮሮዎቹ ይመልከቱ። ሁለት ቀጫጭን የቤንዚን መስመሮች ከተረጩ ካርቡሬተሩ ቤንዚን አለው፤ ስለ ትነት ማሰቡን ይተዉት። ፊልትሮውን መልሰው ይግጠሙ። አሁን ስፓርክ ቴስተሩን (የብልጭታ መፈተሻውን) ከኮይሉ መሃል በሚወጣው ወፍራም ሽቦ ላይ ያስገቡ፣ ክሊፑን ከካርቡሬተሩ ራቅ ካለ የሞተሩ ብረት ላይ ይንከሱና ሞተሪኖውን ያዙሩ። ብልጭታው ብርቱካናማና ሰነፍ ከሆነ ወይም ጭራሽ ከሌለ ጥርጣሬው ይጠናከራል።

ማረጋገጫው ሙልቲሜትር ነው። የኮይሉን ኔጋቲቭ በክሊፕ ሽቦ ከሞተሩ ብረት ጋር ያገናኙ፤ እንዲህ ካላደረጉ ፖይንቱ ክፍት ሆኖ ከቆመ ንባቡ ያሳስትዎታል። ቁልፉን ይክፈቱና ፖዘቲቩን ይለኩ። ከ5 እስከ 7 ቮልት ካነበቡ ሮዙ ሽቦ በሥራው ላይ ነው። 12 ካነበቡ ታልፏል። ለክተው ወዲያው ቁልፉን ይዝጉ፣ ክሊፑንም ያንሱ።

ጥገናው የባትሪውን ኔጋቲቭ ከመንቀል ይጀምራል። ኮይሉ ፖዘቲቭ ላይ የተጨመረውን ሽቦ እየተከተሉ ምንጩ ድረስ ይሂዱና ከሥሩ ያውጡት፤ በፕላስተር ጠቅልሎ መተው ጥገና አይባልም። ሮዙን ሽቦ ከሁለቱም ጫፍ ነቅለው ኦሙን ይለኩ። ጥሩ ከሆነ ይመልሱት፣ ግን አይቁረጡት፤ ባጠረ ቁጥር ኦሙ ይቀንሳል። የቆርቆሮ ብየዳም አይይዘውም፣ በክሪምፕ፣ ማለትም በሚጨመቅ ማያያዣ፣ ነው የሚያያዘው። ተቆርጦ ከተጣለ 1.4 ኦም ገደማ የሆነ የሴራሚክ ሬዚስተር ይግዙና ከቤንዚን ቧንቧና ከሽቦ ርቆ ብረት ላይ ይግጠሙት፤ በጣም ይግላል።

ከሶሌኖይዱ (ለሞተሪኖው ከረንት ከሚያገናኘው) "አይ" ተርሚናል ወደ ኮይሉ የሚመጣው ቡናማ ሽቦም በቦታው ይኑር። ሞተሪኖው ሲዞር ብቻ ሙሉ ቮልት የሚሰጠው እሱ ነው። ሞተሩ ተነስቶ ቁልፉን ሲለቁት ወዲያው ከጠፋ ሮዙ ተበጥሷል። በተቃራኒው ቁልፉን በሚለቁበት ቅጽበት ብቻ ከተነሳ ቡናማው ነው።

ይህን ያህል የተጠበሰ ኮይል አይታመንም፤ ይቀይሩት። ለውጭ ሬዚስተር የተሠራ፣ 1.5 ኦም ገደማ የሆነውን ይጠይቁ። 3 ኦም የሆነው የራሱ ሬዚስተር አለው፤ ከሮዙ ሽቦ ጋር ከተደረበ እሳቱ ይሰንፋል። ፖይንቱም ተቃጥሎ ይሆናል፤ አዲሱን ድዌል ሜትር (ፖይንቱ ዝግ የሚሆንበትን ዲግሪ የሚለካው) ላይ ከ26 እስከ 31 ዲግሪ ያስተካክሉት። ከፖይንቱ ጋር በሚያያዘው ኮንደንሰር ላይ እባክዎ በርካሽ አይሂዱ። ዛሬ በትንሽ ብር የሚሸጡት ብዙዎቹ ሽቦው ከውስጥ በደንብ ያልተያዘ ነው፣ ሲሞቅ ይለቃል፣ ሰውም ካርቡሬተር ሲፈታ ይውላል። የሚሠራ አሮጌ ካለዎት ከአዲሱ ርካሽ ይሻላል፤ አይጣሉት። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን እንደከፈቱ ፖይንቱ የተሰካበትን ሳህን ከዲስትሪቢዩተሩ አካል ጋር የምታገናኘውን አጭር ሽቦ በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ነካ ያድርጓት። ሳህኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስለምትታጠፍ ውስጥ ውስጡን ትበጣጠሳለች።

ሁሉንም ገጥመው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስነሱ ካርቡሬተሩ ባዶ ሆኖ ቢያስቸግር እንኳ ቤንዚን በአፉ አያፍስሱ። ሞተሪኖውን 10 ሰከንድ ያዙሩ፣ አንድ ደቂቃ ያሳርፉ፣ ይድገሙ፤ ፓምፑ ራሱ ይሞላዋል።