ደመወዙን ተወውና ስልክህን መቼ እንደምታጠፋ ጠይቅ

ከሰሜን ቨርጂንያ የጻፈልኝ ልጅ 25 ዓመቱ ነው። የበረራ አስተማሪ ሆኖ ይሠራል፣ እስካሁን 610 ሰዓት በርሯል። አምና ያገኘው 38 ሺህ ዶላር ነው። የትምህርት ዕዳው ደግሞ 72 ሺህ። አሁን አንድ ትንሽ የቻርተር ድርጅት፣ ማለትም አውሮፕላን ከነአብራሪው የሚያከራይ፣ ፒላተስ ፒሲ-12 በሚባል ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ላይ ረዳት አብራሪ አድርጎ ሊቀጥረው ፈልጓል። በዓመት 46 ሺህ ዶላር፣ በወር 35 ሰዓት ገደማ በረራ፣ የ18 ወር የሥልጠና ውል። ቀድሞ ከለቀቀ 15 ሺህ ይከፍላል። ቋሚ ሼድዩል የለም፣ «ኦንኮል ነህ»፣ በተደወለልህ ጊዜ ሁሉ ትመጣለህ፣ ብለውታል። አባቱ ፈርም ይላሉ። እናቱ አዲስ አበባ ሄደህ አየር መንገድ ግባ ይላሉ። የአጎቱ ልጅ ትራክ ንዳ ይለዋል። ጥያቄው ደግሞ «46 ሺህ ለፓይለት አያንስም ወይ?» የሚል ነው።

ወንድሜ፣ ያንሳል። ግን ለጀማሪ ረዳት አብራሪ ሰማይ የሚደፋ ነገር አይደለም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ አንተ በአንድ ቃል ያለፍከው «ኦንኮል» ነው።

ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት በአንድ ትንሽ ቻርተር ውስጥ የማታ ዲስፓች፣ ማለትም በረራ የማደራጅ ሠራተኛ፣ ነበርኩ። ለፓይለቶቹ የምደውለው እኔ ነኝ። ስለዚህ አንተ የምትገባበትን ሥራ ከስልኩ በወዲያኛው ጫፍ አውቀዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደንበኛ ይደውላል፦ ጠዋት 12 ሰዓት ከዋሽንግተኑ ዱለስ ኒው ዮርክ አጠገብ ወዳለው ቴተርቦሮ። ዲስፓች ይደውልልሃል። ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል አውሮፕላኑ ጋ መገኘት አለብህ። ቡናውን ትሞላለህ፣ በረዶውን ትጭናለህ፣ ምንጣፉን ትጠርጋለህ፣ የደንበኛውን ሻንጣ ትሸከማለህ። ትንሽ ቻርተር ውስጥ ይህ ሁሉ የረዳት አብራሪው ሥራ ነው፣ ማንም አስቀድሞ አይነግርህም እንጂ። ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ትበራለህ። ከዚያ ሰውዬው ስብሰባ ይገባል፣ አንተ ተርሚናሉ ውስጥ ሶፋ ላይ ትቀመጣለህ። ስብሰባው ይረዝማል። ምሳ ይጋበዛል። ማታ ቤትህ ስትገባ ሎግቡክህ (የበረራ ሰዓት መዝገብህ) ላይ የምትጽፈው ሁለት ሰዓት ነው፣ ቀንህ ግን አሥራ አራት ሰዓት ሆኗል።

ይህን እንኳ እንቻለው። ወጣት ነህ። የማይቻለው ከዚያ በፊት የነበረው ቀን ነው። ቻርተሮች የሚበሩበት የአሜሪካ ደንብ፣ ፓርት 135፣ ከሥራ በፊት 10 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት ይጠይቃል። የአሜሪካ አቪዬሽን ተቆጣጣሪ ኤፍኤኤ ደጋግሞ እንዳብራራው፣ ዕረፍት የሚባለው አስቀድመህ የምታውቀው፣ ስልክ የማንሳት ግዴታም የሌለብህ ጊዜ ነው። ቀኑን ሙሉ «ቢደወልስ» እያልክ ውለህ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ተደውሎልህ፣ ሌሊት አሥር ተኩል ሥራ ከገባህ አላረፍክም። አንዳንድ ቦታ ግን ምን ይደረጋል መሰለህ? ስልኩ ሳይጮህ የዋለበት ሰዓት ሁሉ በኋላ ወረቀት ላይ «ዕረፍት» ተብሎ ይሞላል። ፓይለቱ ዝም ይላል። ውል ፈርሟላ! ከሄደ 15 ሺህ አለበት። ሰውን አስሮ የሚያስቀረው ደመወዙ ማነሱ ሳይሆን እነዚህ ሁለት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው።

አየር መንገድ ለመግባት የሚጠየቀው፣ አንተም እየሮጥክለት ያለኸው 1,500 የበረራ ሰዓት ከየት እንደመጣ ታውቃለህ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2009 የኮልጋን ኤር በረራ 3407 ቡፋሎ አጠገብ ወድቆ 50 ሰው አለቀ። መርማሪዎቹ ምክንያቱ አውሮፕላኑ ፍጥነት አንሶት ሊወድቅ ነው ለሚለው ማስጠንቀቂያ ካፒቴኑ የሰጠው የተሳሳተ ምላሽ ነው አሉ። ግን በምርመራው ወቅት ሌላም ነገር ወጣ፦ ረዳት አብራሪዋ በዓመት 24 ሺህ ዶላር እንኳ አታገኝም ነበር፣ ሥራ የገባችውም ከሲያትል ሌሊቱን በአውሮፕላን ተጉዛ ነው። ከዚያ ኮንግረስ ሕግ አወጣ። የ1,500 ሰዓቱ ደንብ በ2013 መጣ፣ ፓርት 117 የሚባለው የድካም ደንብ ደግሞ በ2014 ሥራ ላይ ዋለ። ይህ የድካም ደንብ ግን የሚይዘው የመንገደኛ አየር መንገዶችን ነው። አንተ የምትገባበት ቻርተር በፓርት 135 ስለሚበር አይነካውም። በአሮጌው ደንብ ድርጅቱ በሦስት ወር ውስጥ 13 የ24 ሰዓት ዕረፍት ከሰጠህ ግዴታውን ተወጥቷል። በሳምንት አንድ ቀን መሆኑ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ለ1,500 የሚቀርህ 890 ሰዓት ነው። አሁን እያስተማርክ በወር 60 ሰዓት እንደምትበር ጽፈሃል። በዚህ ከሄድክ 15 ወር አይሞላህም። በቻርተሩ 35 ሰዓት ግን ከሁለት ዓመት በላይ ይፈጅብሃል። ያውም ሁሉም ሰዓት ከተቆጠረልህ። ፒሲ-12 በአንድ ፓይለት እንዲበር የተፈቀደ አውሮፕላን ነው። ሁለተኛ ፓይለት በደንቡ የግድ ካልሆነ፣ ወይም ድርጅቱ ኤፍኤኤ ያጸደቀለት የረዳት አብራሪ ፕሮግራም ከሌለው፣ በቀኝ ወንበር የተቀመጥክበት ሰዓት ለኤቲፒ (ለአየር መንገድ አብራሪ ፈቃድ) ላይያዝልህ ይችላል። በተለይ መንገደኛ አውርዳችሁ ባዶውን ስትመለሱ ያለው። ይህን ጠይቀሃል? ደብዳቤህ ላይ አላየሁትም።

ስለ አባትህ ደግሞ ልናገርና ብትቀየመኝ ተቀየመኝ። «ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ልጅህ አሁንም አስተማሪ ነው ወይ እያለ ያስቸግራቸዋል» ብለሃል። የሚጠይቁት ሰዎች ከ72 ሺው አንድ ዶላር አይከፍሉልህም። የአንተ 18 ወር የእሁድ ወሬ ማሟያ አይደለም። ለአባትህ በአክብሮት ንገራቸው፦ አስተማሪ ማለት ተማሪውን ከነስህተቱ ይዞ የሚበር፣ በራሱ ኃላፊነት የሚወስን ፓይለት ነው። ካልገባቸውም አንድ ቅዳሜ ሊስበርግ አየር ማረፊያ ይዘሃቸው ሂድና አብረውህ ይብረሩ።

ገንዘቡስ? በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለው ልዩነት በዓመት 8 ሺህ ነው። ታክስ ሳይቆረጥ በወር 660 ዶላር ገደማ። ለቤተሰቡ ቤት ቅድመ ክፍያ በሚል በወር 500 ዶላር እቁብ ትጥላለህ። ይኸ ዙር ሲያልቅ በሚቀጥለው ስምህን አታስገባ። ዕዳ ያለበት ልጅ የቤት ቅድመ ክፍያ አያዋጣም። ይህን ለመናገር የሚከብድህ ከሆነ እኔን ምክንያት አድርገኝ።

እናትህ የሚሉት ክፉ አይደለም። ግን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎቹን በብዛት የሚያወጣው ከራሱ ማሠልጠኛ ነው፣ የአሜሪካ ላይሰንስ ይዘህ ስትሄድም የማስቀየር ጣጣ አለው። ትራኩን ለአጎትህ ልጅ ተውለት። በበረዶ ወራት የማስተማር ገቢህ የሚቀንሰውን በክፍል ትምህርትና በሲሙሌተር ሙላው፣ ከአሁኑ ተማሪ መዝግብ።

የእኔ ሐሳብ ግልጽ ነው፦ እዚያው ማስተማርህን ቀጥል። አሥር ወር ያህል ስትቆይ 1,200 ሰዓት ትደርሳለህ። ይህ ደግሞ በፓርት 135 በኢንስትሩመንት፣ ማለትም ውጭ ሳይታይ በመሣሪያ እየተመሩ፣ ካፒቴን ሆኖ ለመብረር የሚጠየቀው ዝቅተኛ ሰዓት ነው። ያኔ ተመሳሳይ ድርጅት ብትሄድ የምትነጋገረው ሻንጣ ተሸካሚ ሆነህ አይደለም።

የለም፣ ልቤ ቻርተሩ ላይ ነው ካልክ፣ ሰኞ ደውልላቸውና ያለፈውን ወር የሥራ መዝገብ አሳዩኝ በላቸው። የአለቃውን አይደለም፣ የመጨረሻ የተቀጠረውን ረዳት አብራሪ። ስንት ቀን ስልኩን አጥፍቶ እንደዋለ ከዚያ ታያለህ። ሰባት ቀን ሠርተው ሰባት የሚያርፉ፣ ስምንት ሠርተው ስድስት የሚያርፉ ቻርተሮች አሉ፣ ስለዚህ «በዚህ ሥራ እንደዚህ ነው» ቢሉህ አትቀበል። የዕረፍት ቀንህ በጽሑፍ ይሁን። 15 ሺው በየወሩ እየቀነሰ ይሄዳል ወይስ እስከ 18ኛው ወር ድረስ እንዳለ ይቆያል? እነሱ ቢያሰናብቱህስ ትከፍላለህ? ይህ የተጻፈበትን ገጽ ፎቶ አንሳና የአንተንም የድርጅቱንም ስም ሸፍነህ ላክልኝ። ሳላየው እንዳትፈርም።